የጉናን ፈረስ ወደ ጣና አታውርዱት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በባሕር ዳር፣ በጣና ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ከጉና ተራራ ደጋ ፈረሶችን ከነባለቤቶቻቸው አምጥቶ እንግዶቹን ሊያስጋልብ ማቀዱን በጋዜጣችሁ አነበብሁ። ጽሑፉ ዕቅዱን ሲያወድስ ስለ ፈረሱ ጤና አንድ ቃል አላነሣም።

ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የምታስተላልፈው ዓይን የማትሞላ ትንኝ ናት። ሙቀትና እርጥበት ትወዳለች፤ ከምሽት እስከ ንጋት ትነድፋለች፤ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሳይደርቅ ትበዛለች። የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ አያኖራትም። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ደንገሉና ረግረጉ ይመቻታል። የተያዘ ፈረስ ከዓይኑ በላይ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በአፍንጫው አረፋ ይደፍቃል። በሽታውን ካልለመዱ ፈረሶች ከአሥሩ ዘጠኙን ሊጨርስ ይችላል። አህያ ብዙም አይጎዳውም። ክትባት እናስከትባለን የሚል ይኖራል፤ ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነት ስለሆነ አንዱን የሚከላከለው ሌላውን ላይመልሰው ይችላል።

ይልቅስ እንግዳው ወደ ላይ፣ ወደ ጉና ይውጣ። ከደብረ ታቦር አልፈን ከጋሳይ በላይ ከባለፈረሶችና ከእረኞች ጋር የተጓዝንበትን መንገድ አውቀዋለሁ። መሪያችን ከኮርቻው ሥር ያለውን ድብዳብ ሁሉ እያነሣ የፈረሶቹን ጀርባ በመዳፉ ሳይዳስስ አላስነሣንም። አንዱን ወፈር ያለ ባልንጀራችንን፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ በቅሎዋን ይያዙ፤ ዳማው ፈረስ የገጠበው ጀርባው ገና መዳኑ ነው» አለው። ባልንጀራችን ተቀየመ፤ እኔ ግን ሰውየውን ወደድሁት። ቁልቁለት በደረስን ቁጥር ሁላችንንም ያስወርደናል። ገሳ የደረቡ እረኞች ለጣ ፈረስ፣ ያለ ኮርቻ እየጋለቡ ከጓሳው ውስጥ ብቅ እያሉ ይቀድሙናል፤ ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር ቆመው ይጠብቁናል፣ ይስቁብናልም። ጉም ወርዶ የፊታችን ሰው ሲጠፋብን መሪው፣ «የልጓሙን ዛብ ለፈረሶቹ ልቀቁላቸው፤ መንገዱን እነሱ ያውቁታል» አለ። እውነትም ያውቁት ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ወደ ርብና ወደ ጉማራ የሚወርደውን ውሃ በጅራፉ እያመለከተ አሳየን። ሁለቱም ጣና ይገባሉ፤ ሐይቁን ሊያይ የመጣ እንግዳ ይህንንም ቢያይ ምን ይጎድልበታል?

ለሆቴሉም ሥራ አይጠፋም። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ መኪናውን፣ ስንቁንና ከጉዞው በፊትና በኋላ ያለውን መኝታ ይሽጥ። ኪራዩን ግን ባለፈረሱ በእጁ ይቀበል፤ የትኛው ፈረስ ማንን እንደሚሸከም የሚወስነውም እሱ ይሁን። በደባርቅ የስሜን ተራሮችን የሚጎበኝ ሰው ከነነጂዋ በቅሎ ተከራይቶ ይወጣል እንጂ በቅሎዋ ጎንደር ሆቴል ደጃፍ አትታሰርለትም። የጉግስ ትርኢት የሚፈልግም ጥር 23 ቀን ከአገው ፈረሰኞች ጋር እንጅባራ ይዋል፤ ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አገሩም ደጋ ነው።

ደጋ ላይ ፈረስ ሕመምተኛ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ገበያ ያውላል። ስለዚህ ዕቅዱ የማይሰረዝ ከሆነ ጥያቄዬን ለባለሆቴሉ አድርሱልኝ፦ ፈረሱ በጥቅምት ሐይቁ ዳር ቢሞት፣ ለባለቤቱ የሚከፈለው ስንት ብር ተብሎ በውሉ ላይ ተጽፏል?

ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ረዳት
ከባሕር ዳር