ዝም አትበል ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እህትህ ትናንት ማታ የደባልህን ነገር ነገረችኝ። ትምህርቱን ማቆሙን፣ ሌሊት አለመተኛቱን፣ ጠመንጃ መግዛቱን። «አንድ ቀን ሁሉም ያውቁኛል» ማለቱንም። ለእሷ ነግረህ ከእኔ መደበቅህ አናዶኛል። ይሁን። የምልህ አንድ ነገር ነው፤ ዝም አትበል።

የአጎትህ ስም ቤታችን ለምን እንደማይነሳ ስትጠይቀኝ «ሌላ ጊዜ» እያልኩ አሳደግሁህ። ጎጃም እያለን፣ ከውትድርና ከተመለሰ ወዲህ ሰው ሸሸ። ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ የአባታችንን ምንሽር ቀኑን ሙሉ በጨርቅ ይወለውላል። እናቴ ጠበል ወሰደችው። ጠበሉስ ደግ ነው፤ ግን ሲመለስ ጠመንጃው እዚያው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ጠበቀው። አንድ ማታ «ያዩኛል!» አለኝ። ፉከራ መሰለኝ። 14 ዓመቴ ነበር። በሳምንቱ ሰርግ ቤት ዳስ ውስጥ ተኮሰ። ሦስት ሰው። አንዷ እንጀራ የምታቀርብ ልጅ ነበረች፤ መሶቡን እንዳቀፈች ወደቀች። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ነግሮኝ ነበር» አላልኩትም። ላንተ ነው አሁን የምናገረው።

ጭንቀት የያዘው ሰው ሁሉ ሰው አይገድልም። አብዛኛው ማንንም አይነካም፣ ቢብስበት የሚጎዳው ራሱን ነው። ልጁን አትጥላው። ግን ጠመንጃና እንዲህ ያለ ንግግር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለባቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት አውሮራ ከተማ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ 12 ሰው የገደለውን ልጅ፣ ሐኪሙ ሰግታ ከወር በፊት ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ተናግራ ነበር። ያኔ ኮሎራዶ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ሰው እጅ መሣሪያ የሚያስወስድ ሕግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አለ። አብሮት የሚኖር ሰውም ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ዳኛው ካመነበት መሣሪያው እስከ 364 ቀን ይወሰድበታል። ክስ አይደለም፣ ልጁ ወንጀለኛ ተብሎ አይመዘገብም። ጓደኛዬን አሳልፌ ሰጠሁ እንዳትል። እኔም የወንድሜን ምስጢር የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጣ። ልብሱን ተወው፣ ላፕቶፕህንና ፓስፖርትህን ያዝ። ስትወጣ ለተጨነቀ ሰው በስልክ ወደሚረዱት ወደ 988 ደውል፣ ምን ማድረግ እንዳለብህ ያማክሩሃል። ቦታ ወይም ቀን ጠርቶ ዝቶ ከሆነ ግን በቀጥታ ለፖሊስ፣ 911። ዝም ብቻ አትበል፣ የኔ ጌታ።

ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ። መኪና ውስጥ ስትገባ ደውልልኝ፣ አልተኛም።

አባትህ