የጄኔ መስጊድ ምርጊት ጨዋታ አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በዓለም ዙሪያ የሚከበሩ አስገራሚ በዓላትን ባስተዋወቃችሁበት ገጽ፣ በማሊ የጄኔ ከተማ ሕዝብ በየዓመቱ መስጊዱን በጭቃ የሚመርግበትን ቀን ቲማቲም ከሚወራወሩት የስፔን ሰዎች ጎን አስቀምጣችሁት አነበብሁ። ስለ ጄኔ መጻፋችሁ አስደስቶኛል፤ ነገር ግን ጭቃ በሚቦካበት ግቢ ላደግሁት ለእኔ፣ ያ ቀን ሰዎች ጭቃ የሚለቃለቁበት ጨዋታ መስሎ መቅረቡ ቅር አሰኝቶኛል።

ታላቁ መስጊድ በፀሐይ በደረቀ የጭቃ ጡብ ከተሠሩ የዓለም ሕንፃዎች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። የዛሬው ሕንፃ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን፣ ጥንታዊው መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል። ጭቃ ደግሞ ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። እናቴ ክረምቱ ሳይገባ የቤታችንን ግድግዳ እየዞረች በአውራ ጣቷ ትጫን ነበር፤ የተነፋ ምርጊት ካገኘች ፍቃ ታነሳውና የጤፍ ጭድ ተነስንሶበት የሰነበተውን ጭቃ በመዳፏ ትለጥፍበታለች። የጄኔ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ግድግዳው እንደ ተራራ መግዘፉ ነው። ከባኒ ወንዝ ዳር የመጣው ጭቃ ከሩዝ ገለባ ጋር ተደባልቆ እስኪብላላ ለቀናት ይቆያል፣ ልጆች ገብተው ይረግጡታል፣ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ ወጣቶች ጭቃውን በቅርጫት ተሸክመው ይሮጣሉ፣ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱት ግንበኞች ደግሞ ከፍ ብለው በእጃቸው ይለስናሉ። ፉክክሩም ጭፈራውም እውነት ነው፤ በደቦ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ግን ዘፈኑ ሥራውን ያቀላጥፋል እንጂ አይተካውም።

ባወጣችሁት ፎቶግራፍ ላይ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩት የዘንባባ እንጨቶችም፣ ጽሑፉ እንዳለው ጌጥ ብቻ አይደሉም። ግንበኞቹ በየዓመቱ የሚወጡባቸው ቋሚ መወጣጫዎች ናቸው። ሕንፃው ሲታነጽ ጀምሮ ወደፊት የሚመርጉት ሰዎች የሚረግጡት ቦታ ታስቦበታል ማለት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ምርጊቱ ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣም ታሪኩ ይመሰክራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢውን የገዛው ሴኩ አማዱ አሮጌውን መስጊድ አዘግቶ ሌላ አሠራ። ፈረንሳዊው ተጓዥ ሬኔ ካዬ እ.ኤ.አ. በ1828 ጄኔ ሲደርስ፣ አሮጌው መስጊድ ፈራርሶ የወፎች መኖሪያ ሆኖ ነበር ያገኘው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ አጭር ማስተካከያ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጄኔ፣ በአካባቢው ጸጥታ መደፍረስ የተነሳ ከ2016 ጀምሮ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ መግባቷም ሊነገር ይገባል። ቦታ ከተረፋችሁ ደግሞ የማማዎቹን ጫፍ አቅርቦ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ጨምሩልን። እንደ ብዙ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ሁሉ፣ እዚያም ላይ የሰጎን እንቁላል ተቀምጧል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ ከደብረ ብርሃን