ያልገባንስ እኛ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች «የሰው ስሜት አይገባቸውም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያናድደኛል። ወሬው የገነነው እነ ሳይመን ባሮን-ኮኸን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ለልጆች ካቀረቡት ሙከራ ወዲህ ነው። አንዷ አሻንጉሊት ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች። ሌላዋ ወደ ሣጥን ታዛውረዋለች። የመጀመሪያዋ ስትመለስ የት ትፈልገዋለች? መልሱ ቅርጫቱ ነው፤ ሲዛወር አላየችማ። ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ ብዩ አሁን ያለበትን ቦታ ጠቆሙ። 4ቱ ግን በትክክል መልሰዋል! ስለ እነሱ ማን ያወራል?

የሌላውን ሐሳብ ስንገምት ከቀኝ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል በደንብ ይሠራል። የእነዚህ ወጣቶች አንጎል ሲታይ ግን ውጤቱ ከጥናት ጥናት ይለያያል። «ይህ ክፍል ሞቷል» ብሎ ነገር የለም።

በ2012 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ዴሚየን ሚልተን፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ነው፣ ኦቲዝም ባለባቸውና በሌለባቸው ሰዎች መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን ነው ብሎ ጻፈ። እኔም የገባኝ ቤት ውስጥ ነው። ኦቲዝም ያለበት የ15 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ፊቴ ሲጠቁር «ጋሼ፣ ተናደህ ነው ወይስ ራስህን አሞህ?» ይለኛል። እኔ ግን መጠየቅ አልወድም፤ እገምታለሁ። ባለፈው ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ያኮረፈ መስሎኝ ተቆጣሁት። ለካ የረበሸው የአምፖሉ ድምፅ ኖሯል።

የዘወትር አንባቢያችሁ