ኤድና ሻይ ልታፈላ ቁጭ ብላለች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ነው። የ15 ዓመት ልጄ ለፈተና የጄ. ቢ. ፕሪስትሊን «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» የተባለ ተውኔት እያጠናች ነው። እዚህ አገር ብዙ ተማሪ ያነበዋል። ማታ ማታ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታነብ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ቢላዋዬን አስቀምጬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1912 ነው። በርሊንግ የተባለ ባለፋብሪካ ሴት ልጁን ሊድር ነውና ቤተሰቡ ደስ ብሎት ራት በልቷል። አንድ ኢንስፔክተር ይመጣል። ኢቫ ስሚዝ የምትባል ወጣት መርዝ ጠጥታ ሞታለች። አባትየው 22 ሺሊንግ ተኩል የነበረው የሳምንት ደመወዝ 25 ይሁንልን ብላ አድማ ስለመራች ከፋብሪካው አባሯታል። ሴት ልጁ በልብስ መደብር ሳቀችብኝ ብላ ከሥራ አስወጥታታለች። እጮኛዋ ለጥቂት ወራት ይዟት ትቷታል። ወንድ ልጁ አስረግዟታል።

እኔን ያስቀመጠችኝ እናትየዋ ናት። ወይዘሮዋ የተቸገሩ ሴቶችን በሚረዳ ማኅበር ውስጥ ተሰሚ ሰው ናት። ኢቫ እርጉዝ ሆና እርዳታ ስትጠይቅ «ሚስስ በርሊንግ ነኝ» ማለቷ አናደዳት፤ እንዳይሰጣት አደረገች። ያስረገዘኝ ልጅ የሰጠኝ ገንዘብ የተሰረቀ ስለሆነ አልቀበልም ብትል ወይዘሮዋ አላመነችም። እንዲህ ዓይነት ልጅ ገንዘብ እምቢ ትላለች? ያ ወንድ ይጠየቅ፣ ይቀጣ አለች። የራሷ ልጅ መሆኑን አላወቀችም።

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሰንበቴ ነበራት፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነበረች። በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤታችን አንዲት ሠራተኛ ነበረችን። ሆዷ ሲገፋ፣ ሰፈር ሳይሰማ በሌሊት ሸኘናት። ሁለት ጎረምሳ ወንድሞች ነበሩኝ። አባቱ ማነው ብሎ የጠየቀ የለም። እናቴ የወር ደመወዟን ሳታጎድል ሰጠቻት፤ ይህንንም ለዓመታት እንደ ትልቅ ውለታ ስታወራው ሰምቻለሁ። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። 13 ዓመቴ ነበር። ልብሷን የያዘችበት ፌስታል በሩ ላይ ተቀደደና አንድ እግር ነጠላ ጫማ ወደቀ። በዚያ ሆዷ እንደምንም ጎንበስ ብላ አነሳችው። እኔ መቀርቀሪያውን ይዤ ቆሜ አየኋት።

በተውኔቱ ኤድና የምትባል የቤት ሠራተኛ አለች። ኢንስፔክተሩን የምታስገባው እሷ ናት። መናገር የምትችለው ጥቂት ቃል ነው። ልጄ እንኳ ኤድናን ዘላት ነበር፤ አስተማሪዋም ብዙ አላነሳቻትም መሰለኝ። ቤተሰቡ ስለ ሞተችው ልጅ እየተጨቃጨቀ ሌሊቱ ሲገፋ፣ ኤድና አልተኛችም። ወይዘሮ በርሊንግ ሻይ እንድታፈላላቸው ቆይ ብላታለች። አንዲት ሠራተኛ ገደልን እየተባለ ሌላዋ ሻይ ልታፈላ ቁጭ ብላለች! ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

የምጽፈው ቲያትር ለሚሠሩ ወጣቶቻችን ነው። በእኛ ድራማ የቤት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የምትገባው ለማሳቅ ነው። አነጋገሯ ይቀለድበታል፣ ቡና ደፍታ ትወጣለች። እባካችሁ ማድ ቤት ግቡና ከእሷ ጀምራችሁ ጻፉ። ማን ቤት ስንት ዓመት ሠራች? ስትታመም የት ተኛች? ከዚያ ቤት በምን ምክንያት ወጣች? ከእኛ ትውልድ የማያውቀው የለም፤ ደፍሮ የሚያወራው ግን ጥቂት ነው።

ያን ማታ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ አጎቶቿም ጭምር። ዝም ብላ ሰማችኝና ስሟን ጠየቀችኝ። ልጅቷ ቤታችን ስትገባ እናቴ «የገጠር ስም ነው» ብላ ሌላ ስም አውጥታላት ነበር። እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን