የካሌቫላ ባለቤቶች እነማን ናቸው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ፊንላንዳውያን ብሔራዊ የጀግንነት ግጥም፣ ስለ ካሌቫላ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ምስጋናው ሁሉ ለኤልያስ ሎንሩት ብቻ መሰጠቱ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ሐኪሙ ሎንሩት በየመንደሩ እየዞረ ቃል ግጥሞችን መልቀሙ፣ አገጣጥሞም እ.ኤ.አ. በ1835 ማሳተሙ፣ በ1849 ደግሞ አስፋፍቶ በ50 ክፍሎች ማውጣቱ እውነት ነው። ግጥሞቹን ከማን አፍ ሰማቸው?

በ1834 ፊንላንድና ሩሲያ በሚዋሰኑበት በካሬሊያ ምድር፣ ላትቫያርቪ በምትባል መንደር አርሂፓ ፔርቱኔን የሚባሉ አረጋዊ ገበሬ አገኘ። እሳቸው ከአራት ሺህ በላይ ስንኞችን በቃላቸው አወረዱለት፤ እሱ ጻፈ። አርሂፓ ልጅ ሳሉ አባታቸው ዓሣ ለማጥመድ ወጥተው ሲያድሩ፣ ከረዳታቸው ጋር እሳት ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሌሊቱን ሙሉ ያዜሙ ነበር፤ አንዱን ግጥም ሁለት ጊዜ ሳይደግሙ! ልጁ የተማረው እዚያው ቁጭ ብሎ በመስማት ነው።

መንደሯ ያኔም ዛሬም በሩሲያ በኩል መሆኗን አለማንሳታችሁም ገርሞኛል። የአንድ አገር መኩሪያ ከድንበር ማዶ መምጣቱ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይመስለኝም። (እርግጥ ፊንላንድ ራሷ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች።)

በሌላ ዕትም ስለ ሴቶቹ አዝማሪዎች ብትጽፉ ደስ ይለኛል። ከካሌቫላ በኋላ ዝነኛ የሆነችውን፣ ሔልሲንኪ ሐውልት ያቆመችላትን ላሪን ፓራስኬን አትርሷት።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ