ከኋላ ሁንልኝ

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከረምክ? እማማስ ደኅና ናቸው? ይህን ያህል ጠፍቼ ለጉዳይ ብቅ ማለቴ ደስ አይልም፤ ይቅር በለኝ። የቀረውን ስትመጣ ፊት ለፊት ትቆጣኛለህ።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ አዳዲስ በጎ ፈቃደኞች ይዘን አበባ ልናሳያቸው ደሴ አጠገብ ያለውን የጦሳ ተራራ እንወጣለን፤ ከርሞ እነሱ ደግሞ ሌላውን እንዲመሩ። ከፊት የሚሄድ ሰው ሞልቷል። የሚያስጨንቀኝ የኋላው ነው። እንዴት ብዬ እንደምለምንህ ግራ ገብቶኝ ቆየሁ እንጂ፣ ለዚያ ቦታ ካንተ ሌላ ሰው አልታየኝም።

ጥፋቱ ሁሉ የሚመጣው ከኋላ ነዋ። አንዱ ፎቶ ሊያነሳ ከመንገድ ይወጣል፣ ሌሎቹ ዱካውን ይከተላሉ፣ በሣሩ መሐል አዲስ መንገድ ይከፈታል። ሣሩ ደግሞ ባለቤት አለው። ከብት እንዳይገባበት የሚጠበቀው ዝናቡ ሲያቆም ሊታጨድ ነው፤ የተረገጠና የተኛ ሣር ለማጭድ አይመችም። ገበሬው ቢቆጣ እውነቱን ነው። ስለዚህ በአንድ ረድፍ፣ በከብቱ መንገድ ብቻ። አንድ ቡድን ከስምንት ሰው አይብለጥ፤ ከበዛ ፊት የተነገረው ኋላ አይሰማም።

የኮምቦልቻዎቹን አንተ ይዘሃቸው ና። ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስተው የሀረጎን ዳገት ሲጨርሱ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ ናቸው፤ ተራራው ገና ከዚያ በላይ ነው። እርምጃው እያወሩ የሚሄዱበት ይሁን። ወሬ ያቆመ ሰው ካየህ ትንፋሽ አጥሮታል፤ አፍሮ አይነግርህም። «ቆም በሉ፣ ይቺን አበባ እንይ» በልና አሳርፈው። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ ቆሎ፣ የዝናብ ልብስ። ሶሉ ያለቀ ጫማ ያደረገውን ከፒያሳ ሳንነሳ መልሰው፤ ጭቃው የሚጥለው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው። ጠዋት 12፡30 ተነስተን ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ቁልቁለቱን መጀመር አለብን፤ ከሰዓት ዝናብና መብረቅ አይታመንም። ጉም ከወረደ ገደሉ አይታይም፤ ባሉበት አቁመህ ቁጠራቸው።

ከአበባ በፊት ሳማ አሳያቸው። ሳማ የለበለበው ሰው ወዲያው ያሻል፤ ማሸቱ ነው የሚያባብሰው፣ ጥቃቅኑን እሾህ ቆዳ ውስጥ ይሰብረዋል። ሳይነካው ፕላስተር ለጥፎ ላጥ ያድርገው፣ ከዚያ በውኃ ይታጠብ።

አንተ ስም መቁጠር ከጀመርክ ማን ያስቆምሃል! እባክህ አምስት ይበቃል፦ አደይ፣ ማገጥ፣ ቀጋ፣ ቀጠጥና፣ እምቧይ። እምቧይን የጨመርኩት ቢጫ ፍሬው ስለሚያጓጓ ነው፤ መርዝ ነው፣ ማንም እንዳይቀምሰው።

አደዩ ላይ ግን ጊዜ ስጣቸው። የቆመውን አትቅጠፍ፤ ከብት የሰበረው አይጠፋም፣ እሱን አንሳ። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት አንድ አበባ የመሰላቸው ብዙ ሆኖ ያገኙታል፦ ዙሪያውን የተዘረጋው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል ለብቻው አበባ ነው፣ መሐል ላይ የታጨቁት ደቃቅ ቱቦዎችም እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው። ቱቦዎቹ ከዳር ወደ መሐል በየተራ ይከፈታሉ፤ መሐሉ ገና ድፍን ከሆነ አዲስ የፈካ ነው። ዘር የሚይዙት እነዚህ የመሐሎቹ ናቸው፣ የሚደርሰውም አናቱ ሲደርቅ ነው። ይህን ያየ ሰው «አትቅጠፉ» መባል አያስፈልገውም፤ የተቀጠፈው ለከርሞ እንደማይዘራ ራሱ ያውቀዋል።

ባሕር ዛፉ ስር ሲደርሱ አበባ የለም ብለው መሮጥ ይፈልጋሉ። እዚያም አቁማቸው። አሥር እርምጃ ወዲህ ሣሩ በአበባ ተሞልቶ እዚያ መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ለምን እንደሆነ ራሳቸው ይጠይቁህ።

ባይመችህ... አይ፣ ይመችሃል። እስከ ሐሙስ ማታ ብቻ አሳውቀኝ፣ ሚኒባስ የምንይዘው በሰው ቁጥር ነው። አጉሊ መነጽሩ አሁንም አንተ ጋ ነው አይደል? ይዘኸው ና፤ ፕላስተሩን እኔ እገዛለሁ።

ናፋቂህ