ስለ ቫኪዩም ቸክ ማሸጊያ ጎማ የወጣው ቁጥር ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በእጅ ሙያ ዓምዳችሁ ስለ እንጨት ቶርኖ በወጣው ጽሑፍ፣ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጦ እግሩን ለመጨረስ ቫኪዩም ቸክ (ሳህኑን በአየር መምጠጥ ቶርኖው ላይ የሚይዝ መያዣ) የሚጠቀም ሰው ጌጁ፣ ማለትም የውስጡ አየር ግፊት ከውጭው ምን ያህል እንዳነሰ የሚያሳየው መለኪያ፣ 25 ኢንች ሜርኩሪ ካላሳየው በሳህኑና በቸኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ ጎማ እንዲቀይር ተመክሯል። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ቁጥሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ለሚሠራ ሰው የሚያገለግል እንጂ ለአዲስ አበባ የማይሆን ስለሆነ እንዲታረም እጠይቃለሁ።

ፓምፑ በሳህኑና በቸኩ መካከል ያለውን አየር ሲያወጣ፣ ሳህኑን ጎማው ላይ ተጭኖ የሚይዘው የውጭው አየር ነው። ስለዚህ የመያዝ ጉልበቱ ከአካባቢው የአየር ግፊት ሊበልጥ አይችልም። ይህ ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ወይም 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን ወደ 77 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ወደ 23 ኢንች ይወርዳል። የቱንም ያህል ጥሩ ፓምፕ ቢገዛ እዚህ 25 አይነበብም። በጎማው የታጠረው ክብ ከዳር እስከ ዳር 15 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ 19 ኢንች ላይ የሚያርፍበት ጫና 115 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህም ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፣ ግድግዳው ለሳሳ ሳህን እንዲያውም ይበዛበታል።

እኔም ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን ያንኑ ቁጥር ከአንድ የውጭ መመሪያ ላይ አንብቤ፣ ጌጄ ከ20 አልፍ ሲለኝ፣ ምንም ያልሆኑ ሁለት ጎማዎችን አከታትዬ ገንጥዬ ጥያለሁ። ዛሬ የማደርገው ሌላ ነው። ፎርማይካ የተለጠፈበት ጠፍጣፋ ኮምፔንሳቶ ቸኩ ላይ አስጠግቼ ጌጁን አነባለሁ፤ ከዚያ ሳህኑን አስገብቼ አስተያያለሁ። በኮምፔንሳቶው 20፣ በሳህኑ 14 ካሳየኝ ጎማውን አልነካም፣ ምክንያቱም አየሩ የሚገባው በእንጨቱ ቀዳዳዎች ወይም በከንፈሩ ወጣ ገባ በኩል ነው። እንደ ዋንዛ ያለ ቀለል ያለ እንጨት እንዲህ ሲያደርግ፣ የሳህኑን ውጫዊ ግድግዳ በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሸፍኖ ጠርዙን በፕላስተር ማሰር ይጠቅማል። በኮምፔንሳቶውም ቢሆን ንባቡ ከወትሮው ካነሰ፣ ቶርኖው እንደቆመ የዕጣን ጭስ በጎማው ዙሪያ ቀስ ብዬ አዞራለሁ፤ ጭሱ እንደ ክር ቀጥኖ የሚገባበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

በምርጫው ረገድ ጽሑፉ ማንኛውም ስፖንጅ ያገለግላል ማለቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚገናኙ አየር ያሳልፋል፤ ቁራጩን አፍ ላይ ገጥሞ መንፋት ይህን ወዲያው ያሳያል። የሚፈለገው ቀዳዳው የተዘጋ፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነ ለስላሳ የኒዮፕሪን ጎማ ነው። ይህ ከጠፋ የሲሊፐር ሶል የሚሠራበት ዓይነት ስስ ፎም ከንፈሩ እኩል ለሆነ ሳህን ይሠራል። ከለመዳሪ አየር ባያሳልፍም ስስ ስለሆነ ወጣ ገባውን አይሞላም፤ ስለዚህ ጫፉ ክብ ተደርጎ በተላገ ቸክ ላይ ብቻ ይመረጣል። የሲሊኮን ጎማን ማስቲሽ አይዘውም፣ እንጨቱን ከነካው ደግሞ ቀለምና ቫርኒሽ ያስቸግራል። ጎማው ከአንድ ወጥ ቁራጭ እንደ ቀለበት ቢቆረጥ መልካም ነው፣ መጋጠም ግድ ከሆነ ግን ጫፎቹ በሰያፍ ይቆረጡ።

እንክብካቤው ቀላል ቢሆንም ቸል የሚባለው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ዘይት የተቀባ ሳህን ሳይደርቅ ጎማ ላይ አይደፋም፤ በተለይ የተፈጥሮ ጎማ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል። ሳህን ቸኩ ላይ ተጣብቆ ማደርም የለበትም፣ የከንፈሩ ቅርጽ ጎማው ላይ ታትሞ ይቀራልና። ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ማስቀመጥም ጎማውን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃልም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ፓምፑ ሲቆም ሳህኑ ገና እየተሽከረከረ ነው። በዚህ ጊዜ ሳህኑን የሚይዘው የጎማው ጥብቀት፣ አየር ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭና በመካከል የተገጠመ፣ አየሩ በፓምፑ የወጣለት ታንክ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የቶርኖው የኋላ መያዣ እስከ መጨረሻው ላግ ድረስ ከሳህኑ ባይነሳ እመክራለሁ። ስለሆነም በ25 ኢንች ፋንታ ይህን መፈተኛ ብታትሙ እወዳለሁ፦ ቶርኖው ቆሞ ሳህኑ ተይዞ ሳለ ፓምፑን አጥፍቶ የጌጁን መርፌ በሰዓት መከታተል። ቶርኖው ከሙሉ ፍጥነቱ ለመቆም ከሚወስድበት ጊዜ ቀድሞ መርፌው ከወረደና በኮምፔንሳቶውም እንዲሁ ከሆነ፣ ማሸጊያው ወይም ቫልቩ ያን ጊዜ ይቀየር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንጨት ቶርኖ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ